መጠይቁ ይቅደም ወይስ ጨዋታው?

አዲስ ተገልጋይ በመጀመሪያው ቀን የድባቴ መጠይቅ ይሙላ? ሁለት የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች ይሟገታሉ።

ይሙላ
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አማካሪ)

እኛ አማካሪዎች በጆሯችን ከልክ በላይ እንተማመናለን። ቀልደኛው ተማሪ ሲያስቀን «ይሄማ ደህና ነው» ብለን እንሸኘዋለን፤ ዝምተኛዋን ግን ገና ሳትናገር ድባቴ አለባት እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ፒ ኤች ኪው 9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ ከዚህ ስህተት ይጠብቀናል። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ተሞልቶ ለማለቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ የተማሪውን የፍቅር ጣጣ በማዳመጥ ተጠምጄ ስለ እንቅልፉ ሳልጠይቀው እንዳልሸኘው ያደርገኛል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ብቻውን መጠይቁን ያስከብረዋል። «ብሞት ይሻለኛል» ወይም «ራሴን ልጉዳ» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ እንደሆነ ይጠይቃል። በጨዋታ መሀል ይህን ማንሳት ብዙዎቻችን እንፈራለን፤ ነገሩን አስታውሰነው ቢያደርገውስ ብለን። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ግን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ለአፉ የከበደውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎ የሚያቀብለኝ ተማሪ አለ። እኔም ያንን ምልክት ካየሁ ሌላውን ሁሉ ትቼ ከእርሱ እጀምራለሁ።

መጠይቁ የባዕድ ነው ለሚለው ክርክር መልስ አለኝ፤ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በአማርኛ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። 10 ነጥብ መነሻ ሲደረግ፣ ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ያህል ለይቷል። በዚያ ላይ መጀመሪያ ቀን ያልተሞላ ቅጽ ለክትትል አይሆንም። በወሩ መጨረሻ ነጥቡ በ5 ወይም ከዚያ በላይ ወርዶ ባየው፣ ምክሩ መሥራቱን የማውቀው ከመነሻው ጋር አስተያይቼ ነው።

ቅድሚያ ይጫወት
(በጤና ጣቢያ የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ)

ባልደረባዬ፣ የጠቀሱት ጥናት ሌላም ቁጥር አለው። በዚያው 10 ነጥብ፣ ድባቴ ከሌለባቸው 100 ሰዎች መጠይቁ ነፃ የሚላቸው 67ቱን ብቻ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 100 ተገልጋይ መጣ እንበል፤ 10ሩ በእርግጥ ድባቴ አለባቸው። መጠይቁ ከእነዚህ 9 ያህሉን ይይዛል። ከቀሩት 90 ሰዎች ደግሞ 30 ያህሉን ሳያማቸው ይይዛል። እንግዲህ 10 እና ከዚያ በላይ ካመጡት 39 ሰዎች ውስጥ 30ው ድባቴ የለባቸውም። የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ እነዚህን 39 ሰዎች ወዴት ልላካቸው?

መነሻው ራሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ጥናት የተሻለ ሆኖ የተገኘው 5 ነጥብ ነው። ከገጠር ወጥታ ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሰው ቤት የገባች ልጅ በየትኛው ትለካ? ለወላዶች የተዘጋጀው የኤዲንብራ መጠይቅም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ በደንብ ሲሠራ፣ ቡታጅራ ገጠር ላይ ግን ድክመቱ ታይቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አሞላሉ ነው። እርስዎ ጋ ተማሪው አንብቦ ይሞላል፤ እኛ ጋ ይነበብለታል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ባል ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ያ ዘጠነኛው ጥያቄ ሲነበብ ሴትዮዋ በሩን ታያለች፤ «ኧረ በስመ አብ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ሆኜ» ትላለች። ቅጹ ላይ 0 ይጻፋል። በሁዳዴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ጾማ የምትውለዋ «እህል አላሰኘኝም» ትላለች፤ ይኼ ስንት ይሰጠው? ልጇን ቀብራ አርባው ያልደረሰ እናትማ እንቅልፍ የላት፣ ምግብ የላት፣ ጉልበት የላት፤ 18 ብታመጣ ምን ይገርማል? ያቺ እናት የምትፈልገው አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው።

ጉዳዩ የድባቴ ብቻም አይደለም። ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡ ልጆች በተለመደው የችሎታ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያመጡ፣ ሩቨን ፎየርስታይንና ባልደረቦቹ እያስተማሩ የሚፈትኑበትን ዘዴ ተጠቀሙ። ጥቂት ካስተማሯቸው በኋላ የልጆቹ ውጤት ከፍ አለ። ፈታኙ አፈታተኑን ሲለውጥ ነጥቡም ተለወጠ።

የመጀመሪያው መልስ

በሩን መዝጋት የእኛ ፈንታ ነው፤ የመጠይቁ ጥፋት አይደለም። 10 ነጥብ ያመጣ ሰው ይበልጥ ይጠየቅ ማለት ነው እንጂ ድባቴ አለበት ማለት አይደለም፤ ካርዱ ላይ በሽታ ብሎ የሚጽፈው አማካሪው ነው። ደግሞ ከ100 ስንት እንደሚስት የተቆጠረለት መጠይቁ ነው። የእኛን ጆሮ ማን ፈተነው? በዚያው በሶዶ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ድባቴ ካለባቸው አብዛኛዎቹን ሳይለዩ እንደሚያሳልፉ ታይቷል። ያቺን እናት በተመለከተ ግን እስማማለሁ፤ ለእርሷ ቅጽ አላወጣም።

የሁለተኛዋ መልስ

እንግዲያው ለአንዷ ካላወጡ፣ ለማን እንደሚያወጡ የሚያውቁት ቀድመው ተጫውተው ነው። መጠይቁን እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የማወጣው ሰውየው ከምን እንደመጣ ካወቅኩ በኋላ፣ ምናልባትም በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ራሱን ሊጎዳ ያስባል ብዬ ከጠረጠርኩ ግን ቅጽ አልጠብቅም፤ በሩን ዘግቼ በአፌ እጠይቀዋለሁ። ነጥቡን ብቻውን አልጽፈውም፤ ማን እንዳነበበው፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንደነበረ፣ ጾም ወይም ሐዘን እንደነበረ ከጎኑ አሰፍራለሁ። ቀጥሎ ፋይሉን የሚከፍተው አማካሪ 14 የሚል ቁጥር ብቻ ካገኘ፣ ከዚያ ተነስቶ የሚሠራው ሥራ ግምት ነው።