የላቀ ደረጃ ትምህርትና ልዩ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተዘጋጁ ትምህርቶች የሚሰጡባቸው «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የተሰኙ ክፍሎች ለከፍተኛ ትምህርት ተወዳዳሪነት ከፍተኛ ግምት ይሰጣቸዋል። የንባብ፣ የትኩረት ወይም የአካል ችግር ያለባቸው ብቁ ተማሪዎች ወደ እነዚህ ክፍሎች ሲገቡ የሚደርስባቸው ጫና ግን ከትምህርቱ ክብደት ብቻ የሚመነጭ አይደለም።

የአገሪቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2007 ባሰራጨው ደብዳቤ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹን ወደ ላቀው ክፍል ለማስገባት ልዩ ድጋፋቸውን እንዲተዉ ቅድመ ሁኔታ እንደሚያስቀምጡ ጠቅሶ፣ አሠራሩ የፌዴራል ሕግን እንደሚጥስ አስታውቋል። ከሕጎቹ አንዱ እ.ኤ.አ በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504 ነው።

የችግሩ ምንጭ ድጋፍን እንደ አድልዎ የመቁጠር አመለካከት ነው። ለፈተና የሚጨመር ሰዓት ወይም በድምፅ የተዘጋጀ መጽሐፍ ትምህርቱን አያቀልም፤ ተማሪው ያወቀውን እንዲያሳይ ያስችለዋል እንጂ። ድጋፉ ሲነሳ ፈተናው ከዕውቀቱ ይልቅ ጉዳቱን ይመዝናል።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ በ2017 በሰጠው ውሳኔ፣ የተማሪው የግል የትምህርት ዕቅድ ከሁኔታው ጋር የሚመጣጠን ዕድገት እንዲያስገኝ ሆኖ መዘጋጀት እንዳለበት አረጋግጧል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ ተማሪ ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። በመሆኑም የትምህርት አመራሮች፣ ተማሪው በደረጃ ከፍ ሲል ድጋፉም አብሮት እንዲዘልቅ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለባቸው ሊያጤኑ ይገባል።