ጭቃውም ይመስክር

አንድ ሰው በባልንጀራው ላይ ክስ ሲያቀርብ ዳኛው አስቀድሞ «ምስክርህ ማነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። በአገራችን ግን ምስክር ሳይቆጠርበት የተፈረደበት አንድ ተከሳሽ አለ፤ እርሱም የደጋው ከብት ነው። ተራራው ተራቆተ ሲባል ጥፋተኛዋ ላም ናት፤ ምንጩ ደረቀ ሲባል ጥፋተኛዋ በግ ናት፤ ከኋላዋም ጅራፍ የያዘው እረኛ ይከተላል። እኛ ከወልቂጤና ከቡታጅራ አካባቢ መጥተን በአርትስ ፋኩልቲ የምንማር ጓደኛሞች ይህን ክስ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ክሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማስረጃው የታለ?

«ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 ወይም 4 በመቶ ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ ተማሪ የለም። ይህ ቁጥር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የአባባሉን ሥር ፈልጎ መሠረቱ ደካማ መሆኑን አሳየ። እንዲህ ያለው ወሬ ደግሞ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ውሎ አድሮ ደንብ ይሆናል፤ አጥር ይሆናል። የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ግጦሽ ነበር። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው መጠበቃቸውን አንቃወምም፤ የሁላችንም ሀብት ናቸው። ነገር ግን ሰው ከአባቱ ቀዬ የሚነሣ ከሆነ ፍርዱ የአሥር ዓመት ትዝታን ሳይሆን የተራራውን ሙሉ ታሪክ መመርመር ይገባዋል እንላለን።

ያ ታሪክ በብራና አልተጻፈም። የተጻፈው በሐይቅ ወለል ላይ ነው። ዝናብ አፈሩን አጥቦ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፤ ነፋስም የአበባ ብናኝና የቃጠሎ ከሰል ያመጣል። ይህ ሁሉ ዓመት በዓመት እየተደራረበ ይተኛል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ጭቃው አስገብተው ሲያወጡት የላይኛው የዛሬ፥ የታችኛው የጥንት ነው፤ ዕድሜው በራዲዮካርቦን ይለካል። ከአበባው ብናኝ ዝግባው፥ ጽዱ፥ ወይራው፥ ሣሩ ይታወቃል። ከከሰሉ የእሳቱ ዘመን ይታወቃል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በእበት ላይ የሚበቅለው ስፖሮርሚየላ የተባለ ፈንገስ ነው። ዘሩ ከወደቀበት ብዙ ስለማይርቅ በጭቃው ውስጥ በብዛት ሲገኝ ሣር የሚበሉ እንስሳት በሐይቁ ዳር እንደነበሩ ይመሰክራል። ላም ትሁን የደጋ አጋዘን ግን ለይቶ አይናገርም፤ ለዚህ ከእንስሳት ሐሞትና ፋንድያ የሚቀረውን ቅባት መርምሮ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ምስክሩ በአገራችን አንዳንድ ቦታ ቃሉን መስጠት ጀምሯል። በባሌ ተራሮች፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,950 ሜትር ላይ ካለው ከገርባ ጉራቻ ሐይቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ወደ 16,000 ዓመት የሚደርስ የዕፅዋት ታሪክ አነበበ። ከዚያው ሐይቅ የወጣው ከሰል አስታው ከእሳት ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት አብሮ እንደኖረ አሳይቷል። በዚያው ተራራ በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየኖሩ ፍልፈል ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታወቀ። እንግዲህ «የሰው እጅ ያልነካው ተራራ» የምንለው ነገር ከምናስበው በላይ የራቀ ነው።

ከወሎ የሐይቅና የሐርዲቦ ሐይቆች የመጣው ቃል ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናት መሠረት ደኑ የተመነጠረው ባለፈው መቶ ዓመት አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ነው። በቦታው ቁጥቋጦና ሣር ከሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ዓ.ም. ገደማ ግን ጽዱና ወይራው ተመልሶ በቀለ! ከዚያ በኋላ ባሉት 300 ዓመታት እንደገና ተመነጠረ፤ አፈሩም ይታጠብ ጀመር። ይህ ቃል ለከብቱ ነፃ ፍርድ አይደለም። የሚያስተምረው ተራራ አንዴ ሞቶ የሚቀር ሳይሆን የሚያገግም መሆኑን ነው። ለምን አገገመ? ጦርነት ሕዝቡን ስላሳሳው ነው? ድርቅ ነው? ወይስ ደንብ ወጥቶለት ነው? ጭቃው ዘመኑን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም፤ ምክንያቱን መፈለግ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው።

ወደ ጉራጌ አገር ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የቡታጅራ ልጅ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያየው ዘቢዳርን ነው። በደጋው ሰው ኑሮ እንሰትና ከብት አይለያዩም፤ ፍግ ከሌለ እንሰት የለም፤ እንሰት ከሌለ ቆጮ የለም። ነገር ግን እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆረጥ ወደ ሐይቅ የሚሄድ የአበባ ብናኝ እምብዛም የለውም። ስለዚህ የአባቶቻችን ዋና ተክል በጭቃው መዝገብ ላይ ስሙ አይጠራም ማለት ይቻላል። ብናኙን ብቻ የሚያነብ ሰው «እዚህ ሣርና ከብት እንጂ እርሻ አልነበረም» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የእንሰቱን ነገር የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው። ከእነርሱ ያልጠየቀ ሊቅ ግማሹን ብቻ አንብቦ ይመለሳል።

በወልቂጤ በኩል፥ ከወሊሶ ማዶ ያለውን የወንጪን ደን ታሪክ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በአበባ ብናኝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል። በቡታጅራ በኩል ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ አር ሸይጣን ሐይቅ በገደሉ ውስጥ ተኝቷል። እንዲህ ያለ በእሳተ ገሞራ የተቆፈረ ሐይቅ በዋነኛነት የሚሰበስበው የዳሩን አፈር ነው፤ ስለ ሩቁ የዘቢዳር ጫፍ ግጦሽ ብዙ አይነግረን ይሆናል፤ በዳሩ ስለ ጋጡት ከብቶች ግን ጥሩ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ግጦሽ ሁሉ ልቅ አልነበረም። የጉራጌው ጀፎረ በቤቶች ፊት የተዘረጋ ሰፊ የጋራ መስክ ነው፤ ማንም ተነሥቶ እንደ ግሉ አያርሰውም። በመንዝ የጓሳ ሣር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋና እየተከፈተ ተጠብቆ ኖሯል፤ ያ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። የጓሳን ሣር ከብት ብቻውን አላቆየውም፤ ከብት ብቻውንም አላጎሳቆለውም፤ በመካከል ሕግ ነበረ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕዝቡ ስንት ችግር እያለበት እናንተ ጭቃ ትቆጥራላችሁ?» ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ። ያልታወቀ በሽታ መድኃኒቱ ግምት ነው፤ የግምቱንም ዋጋ የሚከፍለው ገማቹ ሳይሆን መስኩ የሚታጠርበት ባላገር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ይብቃን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የአርትስና የሳይንስ ተማሪዎች በየራሳቸው አዳራሽ መቀመጣቸውን ትተው አንድ የጥናት ቡድን ያቋቁሙ፤ አንዱ ብናኙን ሲቆጥር ሌላው የሽማግሌውን ቃልና የመስኩን ስም ይመዝግብ። በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ የትኛው መስክ በማን ዘመን ተዘጋ፥ በማን ተከፈተ ብለን እንጠይቅ፤ ሐይቁ መቶ ዓመት ቢጠብቀን ሽማግሌው አይጠብቀንም። ሁለተኛ፥ ከሐይቆቻችን የሚወጣው ጭቃ እኩሌታው በአገር ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚያነቡትም ልጆች እዚሁ ይሠልጥኑ።

ላሟ ጥፋተኛ ሆና ብትገኝ ፍርዱን እንቀበላለን። ያለ ምስክር ግን አይፈረድባት።