የመኪና ወንበርም ቆዳ ነው

እኛ ደነባ ላይ ክረምቱ ሲወጣ በየግቢው ሁለት ነገር ይታጠባል፤ ብርድ ልብስና መኪና። የሲያደብርና ዋዩን ጥቁር አፈር የረገጠ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። መረሬው በሐምሌ ከጫማ ጋር ተጣብቆ መኪና ውስጥ ይገባል፣ የወንበሩ ስፌት ውስጥ ይሸጎጣል፣ በመስከረም ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆችም መኪናቸውን ግቢ ውስጥ አቁመው፣ አራቱንም በር ከፍተው ያጸዳሉ። የልጅ ልጆች ዙሪያውን ይሯሯጣሉ፣ ወዲያ ማዶ ቡና ይፈላል። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔ ግን ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው መሬት ላይ ወደተቀመጠችው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ውስጧ ያለው ውሃ ነው ወይስ ቤንዚን?

ስለ ልጆች ጤና በሚወራበት ዓምድ የመኪና ወንበር ምን አመጣው እንዳትሉኝ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ካየኋቸው ልጆች አንዱን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ የመኪና ወንበር ሊወለውልበት በውሃ ጠርሙስ የቀዳውን ቤንዚን ውሃ መስሎት ተጎነጨ። እናቱ ደንግጣ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ አስመለሰችው። ጎረቤት ወተት ይዞ ሮጠ። እኛ ዘንድ ሲደርስ እየሳለ፣ ጎኑ እየሰረጎደ ነበር የሚተነፍሰው። ኦክስጅን ተደርጎለት ለበለጠ ሕክምና ተላከ፤ ደግነቱ ከቀናት በኋላ ድኖ ወጣ። እናቱ ያደረገችው ከፍቅር ነው፤ ማንም እናት ታደርገዋለች። ነገር ግን የቤንዚን ትልቁ አደጋ ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ማስመለስ ደግሞ በጉሮሮ የወረደውን መልሶ ወደ ሳንባ ይመራዋል።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አንድ ነው። የቆዳ ወንበር ለማጽዳት የሚያስፈልገው ሁሉ ሕፃን አጠገብ ቢቀመጥ የማያስፈራ ነገር ነው። ከዚያ የበረታ ነገር ለወንበሩም አይበጅም።

ቅቤ ለምን አይሠራም?

የአገራችን ሰው ቆዳን አሳምሮ ያውቃል። ጀንዲው፣ ስልቻው፣ አቆማዳው፣ አጎዛው በቤታችን የነበሩ ዕቃዎች ናቸው። የጎረቤታችን የሰላሌ የበግ ቆዳ ለጓንት፣ የወሎው ባቲ የፍየል ቆዳም በጥራቱ በዓለም ገበያ በየስማቸው የታወቁ ናቸው። እናቶቻችን ቆዳ ሲደርቅባቸው ቅባት አስነክተው፣ አሽተው፣ አልፍተው መልሰው ያለሰልሱት ነበር። ታዲያ ዛሬም አንዳንድ አያት የልጃቸው መኪና ወንበር ሲሰነጠቅ ቢያዩ ቅቤ ወይም ዘይት ቀቡት ይላሉ።

ምክሩ ለጀንዲ ልክ ነው፤ ጀንዲ ፊቱ ያልተሸፈነ ቆዳ ስለሆነ ቅባቱን ይጠጣል። የመኪና ወንበር ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው የከብት ቆዳ ሆኖ በፋብሪካ ይለፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከላዩም እንደ ፕላስቲክ ያለ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ቅቤው ያንን ሽፋን አልፎ አይገባም። ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ የበዓል ልብስ ያበላሻል። የጫማ ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ከወንበሩ ይልቅ ነጠላው ላይ ይቀራል።

በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ቆዳ የምንለው ወንበር ቆዳ አይደለም። ሌዘር እየተባለ የሚለብሰው አብዛኛው ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው መታጠብ ብቻ ነው፤ ማለስለሻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ደግሞ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉበት። ጠብታው ላዩ ላይ ኳስ ሆኖ ከቆመ ሽፋን አለው ማለት ነው፤ ከታች እንደምነግራችሁ ማጠብ ይቻላል። ውሃውን ጠጥቶ ቦታው ከጠቆረ ሽፋን የለውምና በደረቅ ጨርቅ ብቻ አብሱት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለባለሙያ ተዉት።

ቤንዚን፣ በረኪና፣ አልኮል

“ሲስተር፣ በቤንዚን ካልተወለወለ እኮ አይለቅም” ይለኛል አንድ የሰፈራችን ሹፌር።
“አንተ ልጅ፣ ፊትህን በምንድን ነው የምትታጠበው?” እለዋለሁ።
“በሳሙና።”
“ይኸውልህ!”

ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን የወንበሩን ሽፋንም ያነሳሉ። ያን ዕለት ያበራል፣ ከወራት በኋላ ይሰነጠቃል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ መሬት ለመሬት ይሄዳል። መሬት ላይ የሚጫወተው ሕፃን ነው። የቡናው ከሰል ያለውም መሬት ላይ ነው። በዓል ግቢ ውስጥ ቤንዚንና የቡና ከሰል አንድ ላይ መዋል የለባቸውም።

በረኪና ቆዳውን ያደርቃል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ክሩን ያደክማል። ከሁሉ የከፋው መቀላቀሉ ነው። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋርም ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ይሠራል። በጠባብ መኪና ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚሸሽበት አየር የለውም። አስም ያለበት ልጅ ካለ ሽታው ብቻውን ሊቀሰቅስበት ይችላል።

ከኮሮና ወዲህ በየመኪናው የማይጠፋው የእጅ ማጽጃ አልኮልም የወንበር ጠላት ነው። ልጆች እጃቸው ላይ አድርገው ሳይደርቅ ወንበር ሲይዙ ሽፋኑን እያነሳው ይሄዳል። ይደረቅ፣ ከዚያ ይቀመጡ። የእስክሪብቶ ቀለም ሲያዩ አሴቶን ወይም ሽቶ የሚያፈሱም አሉ። ቀለሙ ይስፋፋል፣ ሽፋኑ ይላጣል። ትንሽ የእስክሪብቶ መስመር ከተላጠ ወንበር ይሻላል።

እንዴት ይጽዳ?

ጥላ ሥር አቁሙ፤ በሮቹን በሙሉ ክፈቱ። ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ በኪሳችሁ ይሁን።

መጀመሪያ ደረቁን አንሱ። የደረቀ መረሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሸት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጉት፤ ስፌቱን በለሰለሰ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

ከዚያ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ፤ የሕፃን ገላ ማጠቢያ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ ይከረክራል፣ ያደርቃል። በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ጨርቁን ነክራችሁ በደንብ ጨምቁት፤ መንጠባጠብ የለበትም። አንድ እጅ የሚያህል ቦታ በአንድ ጊዜ፣ ሳትጫኑ አብሱ። በሁለተኛ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ ሳሙናውን አንሱ፣ በሦስተኛው አድርቁ። በደንብ የቆሸሸውን ጨክኖ አንዴ ከማሸት ሁለቴ ማበስ ይሻላል።

ውሃ በጆግ ወይም በጎማ አታፍስሱ። በዛሬ መኪኖች ወንበር ውስጥና ሥር የኤርባግ፣ የማሞቂያና ሰው መቀመጡን የሚያውቅ መሣሪያ ሽቦዎች አሉ። ከ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። ወንበር የምታለብሱም ካላችሁ፣ በወንበሩ ጎን ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ልብሱ ያንን ቦታ መድፈን የለበትም።

የደኅንነት ቀበቶንና የሕፃን ወንበር ማሰሪያን በሳሙናና በውሃ ብቻ አብሱ። በረኪናና ቤንዚን ክሩን ያደክሙታል፤ መድከሙ ደግሞ በዓይን አይታይም። የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ቀን ነው።

ማለስለሻው

ማለስለሻ የሚቀባው ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። በውሃ የተሠራና ለመኪና ቆዳ የተባለ ክሬም ምረጡ። ጥቂቱን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡ፣ ጽሑፉ ላይ የተባለውን ያህል ቆዩ፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ። በዓመት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ይበቃል። እንደ እኛ ባለ ደጋ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ከየትኛውም ክሬም በላይ ቆዳ የሚጠብቀው ጥላ ሥር ማቆም ነው።

በየላቫጆው ለክሩስኮት የሚረጨውን ማብሪያ ወንበር ላይ አታስረጩ። መሪና ፔዳል ላይ ሲያርፍ ያንሸራትታል፤ ወንበር ላይ ደግሞ ሾፌሩም ልጁም ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታሉ። ክሬም ከተቀባ በኋላ ሽታው እስኪወጣ በሮቹ ተከፍተው ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ልጆች ይግቡ። የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ሙቀቱ የተቀባውን ሁሉ ወደ አየር ያወጣዋል። ሕፃንን ብቻውን መኪና ውስጥ መተው ደግሞ በምንም ምክንያት፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይገባም።

ቅቤ፣ ትውከት፣ ሻጋታ

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? የወንበር ነገርም እንዲሁ ነው። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች አያት የራስ መደገፊያው ላይ ምልክት ብትተው ማንም አይቆጣት፤ በመንገድ ላይ ንጹሕ ፎጣ ጣል ማድረግ ይበቃል። ቅቤው ከነካ ግን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ማንሳት፣ ከዚያ በሳሙናው ውሃ ማበስ ነው። ማሸት ያስፋፋዋል።

ልጅ መንገድ ላይ ቢያስመልስ በመጀመሪያ ልጁን ተመልከቱ፣ አየር ስጡት። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ አንሱት፣ ምጠጡት፣ በሳሙናው ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሱት። ሽታ አለ ብላችሁ በረኪና አታምጡ፤ ሽታው የሚጠፋው ሲታጠብና ሲደርቅ ነው።

በክረምት ተዘግቶ የቆመ መኪና ወንበር ላይ ነጭ ሻጋታ ታገኙ ይሆናል። ልጆቹንና አስም ያለበትን ሰው አርቁ፤ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍናችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ከዚያ በሳሙና አብሳችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ በደንብ አድርቁ። ምንጣፉ ሥር እርጥበት ካለ ግን ሻጋታው ይመለሳልና እርሱንም አውጥታችሁ አድርቁት።

አደጋ ቢደርስ

ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለኛል።

ልጅ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ከጠጣ አታስመልሱት። ጣት አትክተቱበት። ወተት፣ ዘይት፣ ጨው ያለው ውሃ አትስጡት፤ ሊያስመልሰው ይችላል። አፉን በውሃ ጥረጉለት፣ የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት። ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት፣ በአፉ ምንም አትስጡት።

ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ የሚፈስ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። በጋዝ ሽታ የታፈነውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ አምቡላንስ ከሚዘገይበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ባገኛችሁት መኪና ሂዱ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ግቢያችሁን ዙሩና በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀዳ ቤንዚን፣ በረኪና፣ ናፍጣ ካለ ፈልጉ። በራሱ ዕቃ ያለውን ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት። በሃይላንድ ያለውን ደግሞ ቤት ውስጥ አታቆዩት። ሕፃን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያውቀው የጠርሙሱን ቅርጽ ነው።

ሰላም ቆዩልኝ፤ ሳምንት ሰው ይበለን።