ጡቡን የጠረበው እጅ ስም የለውምን?



ስለ ማትናሳችን አዲስ ግድግዳ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ፣ «የጡቡን ቅርጽ አርቲስት ይሠራዋል፤ እናቶቻችሁ ደግሞ በምረቃው ቀን ትንንሽ ሸክላዎቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ» አሉን። ከእኛም መካከል ያጨበጨበ ነበር። እኔ አላጨበጨብኩም።

የሆላንዷ ከተማ ሮተርዳም በ1940 መሀልዋ በጀርመን ቦምብ ጋይቶ ነበር። እንደገና ስትገነባ፣ በ1955 እንግሊዛዊው ቀራፂ ሄንሪ ሙር ለአንድ ሕንፃ ግድግዳ ትልቅ ቅርጽ ነደፈላት። ወደ 16,000 ጡብ የፈጀ ሥራ ነው። ሙር ያዘጋጀው ትንሽ ሞዴል ነበር፤ ጡቡን እየጠረቡ ግድግዳውን ያቆሙት የአገሩ ግንበኞች ናቸው። ንድፉ የሙር ነውና ስሙ መነሣቱ ይገባዋል። የግንበኞቹን ስም የሚያውቅ ግን ስንት ሰው ነው?

ነዳፊና ጠራቢ ሁልጊዜ ሁለት ሰው መሆን የለበትም። ዋልተር ሪቺ የተባለው እንግሊዛዊ በብሪስቶል ከተማ ለዓይን ሆስፒታል የሠራውን፣ በ1986 የተፈጸመውን የጡብ ቅርጽ የቀረጸው በገዛ እጁ ነው።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የጎንደር ግንቦች ሲሠሩ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል አባቶቻችን ነበሩ፤ ግንቡ የሚጠራው ግን በነገሥታቱ ስም ነው። በወለቃ እናቶቻችን የሠሩትን ጀበናና ማሰሮ ጎረቤት እየገዛ፣ ዞር ሲሉ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። «ከዚያ ስድብ ለመገላገል አይደለም ወይ የመጣነው፣ ደግሞ ወደ ጭቃ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስድቡን እኔም አልረሳሁትም። ነገር ግን ያዋረደን ሰዳቢው ነው እንጂ ጭቃው ምን አደረገን?

ደግሞም ሥራውን እንመልከት። የጡብ ቅርጽ አንዱ መንገድ ጡቡን ሳይተኮስ በእርጥብነቱ ቀርጾ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ፣ ከደረቀ በኋላ ተኩሶ መገንባት ነው። ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ስለሚኮማተር ቅርጹ መጀመሪያ ከሚፈለገው ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ምን ያህል እንደሚኮማተር፣ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ ለእናቶቻችን ማን ሊያስተምራቸው ነው? በኩበትና በእንጨት እሳት ሲተኩሱ የኖሩ ናቸው!

ስለዚህ የምንጠይቀው የጠረጴዛ ቦታ አይደለም። ሸክላ ሠሪዎቻችን ከንድፉ ጀምሮ ይግቡ፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ደመወዝ ይከፈላቸው፣ ስማቸውም በአማርኛና በዕብራይስጥ በግድግዳው ላይ ይቀረጽ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ነው። እናቶችን ይዛችሁ ኑ፤ ዕብራይስጥ የሚያውቁ ልጆችም እንዲያስተረጉሙ አጠገባቸው ይቀመጡ።