የወይን ጠጅን መርጦ ስለ መግዛት

በመካነ ሰላም የሚነግድ ባለሱቅ የወይን ጠጅ ከደሴ ሲያስመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የጠርሙሱን ጌጥ ነው። ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ የሚቀረውም ስለዚሁ ነው። ከውጭ አገር የመጣው ሁሉ ከአገር ውስጡ ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው፤ በዋጋው ውስጥ ቀረጡም የመርከቡም ኪራይ አለበትና። በዝዋይ ተጠምቆ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው «ሪፍት ቫሊ» ከሲራህ፣ ከሜርሎና ከካበርኔ ሶቪኞ ወይን የሚሠራ ስለ ሆነ በዋጋ እኩያው ከሆነ የውጭ ጠጅ ጋራ ቢወዳደር አያሳፍርም።

ይሁን እንጂ የማር ጠጅ የለመደ አፍ ስኳር የሌለበትን የወይን ጠጅ ቶሎ አይወድም። ስለዚህ ለሠርግ የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ ጣፋጩን «አክሱሚት» ማቅረብ ይሻላል፤ ሌላውን ጠጪው እስኪለምደው ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ማስመጣት ይበቃል።

ስለ አቀማመጡ ከሆነ የቦረና ደጋ ብርድ ያለ ኪራይ የተገኘ ጓዳ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ጠርሙሱን ለመታያ ብለው በመስኮት ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ባለ ቡሹ በጨለማ ስፍራ ተጋድሞ መቀመጥ ይገባዋል። አስመጪውም ሙሉ ካርቶን ከመሸጡ በፊት አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ያቅምስ፤ እምቢ ካለ ወደ ሌላ አስመጪ መሄድ ነው።