ለበዓል የምትደክም እናት በዓሉን እንዳታጣ

ከቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድማ የምትነሣ፥ ከሁሉም በኋላ የምትተኛ እናት ናት። ይህ በሁሉ አገር የታወቀ ነው። ይልቁንም በወልድያ ከተማ፥ በመርሳና በሌላውም የሐብሩ ወረዳ ለሚኖሩ እናቶች የቀኑ ሥራ ከሌሊቱ ጋር ተጋጥሞ ያድራል። ሊጡ ይቦካል፥ ምጣዱ ይጣዳል፥ ውሃው ይቀዳል፥ ሕፃኑ ይጠባል፥ ተማሪው ታጥቦና በልቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሸኛል። በመርሳ ገበያ ፍራፍሬ የምትሸጠው፥ በወልድያ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት የምትሠራው፥ በገጠር ከባልዋ ጋር ማሽላ የምታርመው፥ የውጭ ሥራቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም ወደ ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ጕልቻ አንድ ነው።

ከእነዚህ እናቶች አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል፥ «ለጸሎት ጊዜ አጣሁ፤ ካስቀደስሁ ስንት ሰንበት አለፈኝ» የሚል ነው። ይህ ጸጸት መልካም ነው፤ ከሃይማኖት ፍቅር የሚመጣ ነውና። ነገር ግን ሲቈይ ወደ ተስፋ መቍረጥ ይለወጣል። እናቲቱ ራስዋን ከምእመናን ማኅበር እንደ ወጣች አድርጋ ትቈጥራለች፤ ብዙውን ስላጣች የምትችለውን ጥቂቱንም ትተዋለች። ስለዚህ ጭንቀቷን ያቀልላት ዘንድ፥ ቤተ ሰቧም ድርሻውን ያውቅ ዘንድ በዚህ ነገር እንነጋገር።

አስቀድሞ ሐናን እናስታውስ። በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈ፥ ሐና በሴሎ በእንባ ለምና ሳሙኤልን ካገኘች በኋላ፥ ባልዋ ሕልቃና በየዓመቱ ወደሚቀርበው መሥዋዕት ሲወጣ እርስዋ አብራ አልወጣችም። ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ በቤት ልትቈይ ወደደች፤ ባልዋም ፈቀደላት። ማጥባቷ ከእግዚአብሔር እንደ መራቅ አልተቈጠረባትም፤ ያን ጊዜ ያሳደገችው ልጅ ነቢይ ሆነ።

በእኛም አገር መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ወደ አምባሰል፥ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ሲወጣ፥ ለልደትም በዓል ወደ ላሊበላ ሲጓዝ፥ ሕፃን ታቅፋ ከቤት የምትቀር እናት አለች። መንገደኞቹ በደጅዋ ሲያልፉ ስታይ ልቧ ይከተላቸዋል። እንዲህ ያለችው እናት ሐናን ታስብ። ቤተ ክርስቲያናችንም የወለደችን ሴት ወንድ ልጅ ቢሆን እስከ 40 ቀን፥ ሴት ልጅ ብትሆን እስከ 80 ቀን በቤቷ እንድትቈይ ሥርዓት ሠርታለች፤ በዚያም ጊዜ ክርስትናዋ አይቋረጥም። የክርስትናው ቀን ሲደርስ ልጅዋን ታቅፋ ትመጣለች፥ ልጁም በዚያው ቀን ይቈርባል።

ሁለተኛው ነገር የጸሎት ሰዓት ነው። ሥርዓታችን በቀንና በሌሊት 7 የጸሎት ጊዜያት አሉት፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ነዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሰባቱን ሁሉ መፈጸም የማትችል እናት ሁለቱን፥ ማለት ነግህንና ነዋምን ብትይዝ፥ ቀኑን በጸሎት ከፍታ በጸሎት ዘጋችው ማለት ነው። የጸሎት ጊዜ ከሥራ የሚተርፍ ፍርፋሪ ከሆነ አይገኝም፤ የቤት ሥራ መቼም ትርፍ የለውምና። ሰዓቱ ከተቈረጠ ግን አጭር ቢሆንም ይጸናል። የሐብሩ ክርስቲያን እናት ይህን ከሙስሊም ጎረቤቷ በየቀኑ ታየዋለች። ያችም ሴት ልጆች አሏት፥ ድስትም ጥዳለች፤ ሆኖም የሶላቱ ሰዓት ሲደርስ በቀን 5 ጊዜ ሥራዋን አቁማ ትሰግዳለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

በሥራም መካከል የሚጸለይ ጸሎት አለ። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን ከደፋች በኋላ ጥቂት መጠበቋ አይቀርም፤ በዚያች ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ መድገም ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ማንበብ የማትችል እናት ተማሪ ልጅዋን አስነብባ ትስማ፤ በዚህም እርስዋ ጸሎቷን ታገኛለች፥ ልጁም ንባቡን ያጠናል። ማታ ቡናው ሲፈላ፥ ዕጣኑ ሲጤስ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከበረካው በኋላ ሰው ከመበተኑ በፊት በአንድነት ቆሞ ለመጸለይ ከዚህ የሚመች ሰዓት የለም። ዛሬ ደግሞ ሽንኩርት እየላጡ በስልክ ስብከት መስማት ተችሏል። ይህም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በቅዳሴ መቆምንና ሥጋ ወደሙ መቀበልን የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። እናትን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀራት የዘወትር ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሚያስደንቀው በዓሉ ራሱ ሲያስቀራት ነው። 55 ቀን ከቤተ ሰቧ ጋር የጾመች ሴት የትንሣኤ ሌሊት የት ናት? ባልዋ ዶሮውን ባርኮ አርዶ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እርስዋ ግን ዶሮውን ትገነጥላለች፥ ደጋግማም ታጥባለች፥ ቁሌቱን ታማስላለች፥ ዳቦውን ትደፋለች። የትንሣኤው ብሥራት ሲታወጅ፥ ሕዝቡ ጧፍ አብርቶ እልል ሲል እርስዋ በጢስ መካከል ናት። የማኅበርም ቀን እንዲሁ ነው። በወሩ በ12 ወይም በ21 ወይም በ27 ቀን ጽዋው በቤቷ ሲውል፥ የጠላው መጥመቅና የዳቦው መጋገር ከብዙ ቀን ጀምሮ በእርስዋ ላይ ይወድቃል። ካህኑ ሲያስተምርና ሲባርክ የምትሰማው በጓዳ በር ቆማ፥ ልቧም በምድጃው ላይ ሆኖ ነው። ለበዓሉ ከሁሉ ይልቅ የደከመች እርስዋ ሆና ሳለ፥ ከበዓሉ ከሁሉ ያነሰ የምትካፈል እርስዋ ናት። ይህ ፍርድ ነውን?

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ስለ ተጻፈችው ስለ ማርታ ብዙ ሰው ሲናገር ሥራ ወዳድነቷን ይነቅፋል። ጌታ ግን የነገራት በብዙ ነገር ስለ መታወኳ እንጂ እንግዳ ስለ መቀበሏ አልነበረም። ደግሞም ብቻዋን መተዋን ስትናገር የተናገረችው ነገር በየቤታችን እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ነገር ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ አንደኛው ብዙውን ማሳነስ ነው፥ ሁለተኛው ሥራውን መካፈል ነው።

ብዙውን ማሳነስ እንዴት ነው ቢሉ፥ ጽዋ ማኅበር ለቃለ እግዚአብሔርና ለፍቅር እንጂ ለጕሮሮ አልተተከለም። ማኅበርተኞች ተማክረው፥ ድግሱ በዳቦና በጥቂት ጠላ ይብቃ ቢሉ፥ ተረኛዋ ሴት ከእንግዶቿ ጋር ተቀምጣ ለመስማት ትችላለች፤ ድኻይቱም በብድር አትጨነቅም። ድግሱን ለማሳነስ የማይወድ ማኅበር ቢሆን፥ ሴቶቹ ማኅበርተኞች በዋዜማው መጥተው በመጋገሩ ያግዟት።

ሥራውን መካፈል ደግሞ የባልና የልጆች ድርሻ ነው። የትንሣኤው ቁሌት ቅዳሜ ቀን ተሠርቶ እንዲያልቅ ወንዶች ልጆች ሽንኩርት ቢከትፉ፥ አባትየው እንጨት ቢፈልጥና ውሃ ቢቀዳ፥ እናቲቱ ሌሊቱን ለማስቀደስ ትችላለች። የቀረው ሲመለሱ በአንድነት ቢጨረስ ምን ይጐድላል? እሑድ ጧትም ባልና ሚስት ተራ ይግቡ፤ በአንደኛው ሰንበት እርስዋ ታስቀድስ እርሱ ቤት ይጠብቅ፥ በሁለተኛው እርሱ ይሂድ። ለሕፃናት ጠባቂ በጠፋ ጊዜ የወሎ ጎረቤት ሃይማኖት ሳይለይ ለዚህ የታወቀ ነው። ክርስቲያኒቱ እሑድ ልጅዋን ለሙስሊም ጎረቤቷ አደራ ትሰጣለች፤ ያችም በኢድ ማለዳ ወይም ለለቅሶ ስትወጣ አደራዋን ትቀበላለች።

ጧት ለመውጣት የማይመቻት እናት ሌላ በር አላት። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀንና በፍልሰታ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን የጧት ሥራዋን ፈጽማ መድረስ ትችላለች። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ 15 ቀን የሚጾም፥ ሕፃናትም በደስታ የሚጾሙትና የሚቈርቡበት ጾም ነው፤ እናት ልጆቿን ይዛ የምትሄድበት ከዚህ የተሻለ ወራት የለም። ስለ ጾሙ ግን ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ የሆነች እናት በራስዋ ሐሳብ ብቻ አትጨነቅ፤ ነገሩን ለንስሐ አባቷ ገልጣ በምክሩ ትኑር። የሥጋ ሕመም ቢኖርባት ሐኪሟንም ትጠይቅ።

ይህ ሁሉ ለእናቲቱ ብቻ የሚጠቅም አይምሰለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት የልጁን እምነት ሲያመሰግን አስቀድሞ የጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ልጅ ጸሎትን አስቀድሞ የሚማረው ከእናቱ ከንፈር ነው። እናቱ በዓል በመጣ ቍጥር ስትደክምና ስታዝን ብቻ የሚያይ ልጅ፥ በዓል ማለት የእናት መከራ ነው ብሎ ያድጋል። አባቱ ምጣዱን ሲያነሣላት፥ እናቱም ነጠላዋን አጣፍታ ደስ ብሏት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የሚያይ ግን ሃይማኖትን ከፍቅር ጋር ይማራል።

ስለዚህ፥ እናንተ ባሎች ሆይ፥ በሚመጣው ሰንበት ከሚስታችሁ በፊት ተነሥታችሁ እሳቱን አንድዱ፥ ሕፃኑንም ተቀበሉ። እናንተም እናቶች ሆይ፥ ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አያልቅምና። ነጠላችሁን ልበሱና ሂዱ።