ወጣቱ ከበረራ ሜዳ ለምን ይቀራል? የጀርመን የተማሪዎች የግላይደር ክለቦች ተሞክሮ

በሞተር አልባ አውሮፕላን ማለትም በግላይደር የሚበሩ የአውሮፓ ክለቦች የወጣት አባላት ቁጥር ማነስ ሲነሳ ሁለት ምክንያቶች ደጋግመው ይጠቀሳሉ፤ አንደኛው የወጪው ክብደት ሲሆን ሁለተኛው ወጣቱ ከሜዳ ይልቅ ስልኩን መምረጡ ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ጥፋቱን ከክለቡ አጥር ውጭ ስለሚያደርጉ ለክለቡ የተመቹ ምክንያቶች ናቸው። ወጣቱን ወደ ሜዳው የሚያመጣው የበረራው ጉጉትና የዋጋው ቅናሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚያቆየው ግን የሚጣልበት ኃላፊነት ነው። ለዚህ አስተያየት ዋነኛው ማስረጃ የሚገኘው ከጀርመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክለቦች ታሪክ ነው።

የግላይደር በረራ ከአሞራ በረራ ጋር ይመሳሰላል። ፀሐይ ካጋለችው መሬት ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ሲያገኝ በውስጡ እየዞረ ከፍታ ይጨምራል፤ ካላገኘ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከመሬት የሚነሳው ከሜዳው ማዶ የቆመ ዊንች ረጅም ገመድ እየጠቀለለ ሲስበው፣ አለዚያም ባለሞተር አውሮፕላን ሲጎትተው ነው። በዊንች የተነሳ ጀማሪ ሽቅብ የሚወጣ አየር ካላጋጠመው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ያርፋል። ለእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ሲባል ግን ቀኑን ሙሉ በሜዳ መዋል ግድ ነው። ግላይደሩን ከማደሪያው ማውጣት፣ ወደ መነሻው መግፋት፣ ሲነሳ የክንፉን ጫፍ ደግፎ መያዝ፣ ገመዱን መመለስ፣ እያንዳንዱን በረራ መመዝገብ፣ ማታም አጽድቶ ማስገባት የአባላቱ ሥራ ነው። ክፍያው ዝቅ ሊል የቻለው በዚሁ ነጻ ጉልበት ነው።

ሕጉ በወጣቱ ላይ ያለው እምነት የሚያስገርም ነው። በጀርመን አንድ ታዳጊ መኪና የመንዳት ዕድሜ ከመድረሱ ዓመታት አስቀድሞ፣ በ14 ዓመቱ በአስተማሪ ቁጥጥር ሥር ብቻውን ግላይደር ማብረር፣ በ16 ዓመቱም የአብራሪነት ፈቃድ መያዝ ይችላል። ይህ ታዳጊ ከሰማይ ወርዶ በሜዳው ላይ ሲቆም ግን የሚጠብቀው ሌላ ደረጃ ነው፤ ይገፋል፣ ይላላካል፣ ተራውን ይጠብቃል። የዕለቱን መርሐ ግብር የሚያወጡት፣ የሚገዛውን ግላይደር የሚመርጡት፣ ጥገናውን የሚመሩት ከእርሱ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚበልጡ አባላት ናቸው። ሕይወቱን በእጁ ይዞ እንዲበር የታመነ ወጣት የአንድ ቅዳሜን ውሎ እንዲያቅድ አይታመንም። መጠበቁን ብቻውን ይታገሠው ነበር፤ የሚያሸሸው መጨረሻ የሌለው ተላላኪነት ነው።

የዚህ ስፖርት ጅማሬ የተለየ ገጽታ ነበረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት የጀርመንን ባለሞተር አውሮፕላኖች ሲገድብ፣ የበረራ መጽሔት አዘጋጁ ኦስካር ኡርሲኑስ እ.ኤ.አ. በ1920 ቫሰርኩፐ በተባለው ተራራ ላይ የግላይደር ውድድር አስተባበረ። ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚበሩበትንም ራሳቸው ሠርተው ነበር የመጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ተራራ የሃኖቨር ተማሪዎች «ቫምፒር» በተሰኘው ግላይደር መጀመሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በቀናት ልዩነት ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆዩ። በዚያው በ1922 የዩኒቨርሲቲዎቹ የበረራ ቡድኖች የጋራ ማኅበር መሠረቱ።

«አካፍሊግ» በሚል አጭር ስም የሚታወቁት እነዚህ ቡድኖች ዛሬም አሉ። ሥርዓታቸው ቀላል ነው፤ ተማሪው በወርክሾፕ ይሠራል፣ በምላሹም ይበራል። ሥራው ግን መግፋትና ማጠብ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ግላይደር መንደፍ፣ መሥራትና መፈተሽ ነው። ከፋይበርግላስ የተሠራው የመጀመሪያው ግላይደር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የበረረው «ፎኒክስ»፣ ከሽቱትጋርቱ ቡድን የወጣ ነው። በ1964 የዳርምሽታት ተማሪዎች «ዲ-36»ን አበረሩ። ከሠሪዎቹ መካከል ጌርሃርድ ቫይብል፣ ቮልፍ ሌምከና ክላውስ ሆሊግሃውስ ወደ ሦስት የተለያዩ የግላይደር ፋብሪካዎች ገብተው ለአሠርት ዓመታት የዓለምን የግላይደር ንድፍ መርተዋል። እነዚህ ወጣቶች ከዘርፉ ሳይወጡ የቀሩት ዋጋው ስለረከሰላቸው ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል፤ በሜዳና በወርክሾፕ ያፈሰሱት ሰዓት ከተራ የክለብ አባል ሰዓት የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አካፍሊግ የሚገባው የምህንድስና ተማሪ አስቀድሞ በፍላጎቱ የተመረጠ ነው፤ በአንድ ትንሽ ከተማ ያለ ክለብ ደግሞ ግላይደር አይነድፍም። ተቃውሞው የውጤቱን ስፋት ይገድባል፤ አሠራሩን ግን አያፈርሰውም። የዊንች ኃላፊነት፣ የክረምት ጥገና፣ የአዲስ ጀማሪዎች አቀባበል፣ በክለቡ አመራር ውስጥ ድምፅ ያለው መቀመጫ በየትኛውም ክለብ አለ። የአብራሪው ደኅንነት የሚጠይቀው ቁጥጥርም ለዚህ እንቅፋት አይሆንም፤ ወጣቱ የጠገነውን ፈቃድ ያለው መርማሪ አይቶ ይፈርምበታል፣ ወጣቱም ከምርመራው ይማራል።

የአባል ብዛት ብቻውን መለኪያ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ ታሪክም አለ። ከ1933 በኋላ የናዚ መንግሥት ክለቦቹን በራሱ ድርጅት ጠቅልሎ፣ በወጣት ድርጅቱ በኩል ብዙ ታዳጊዎችን ወደ ግላይደር ትምህርት አስገብቷል። ሜዳው በወጣት ተሞላ፤ ዓላማው ግን ለጦርነት የሚሆኑ አብራሪዎችን ማፍራት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊዎቹ መንግሥታት በረራውን ከለከሉ፤ ግላይደርም በጀርመን እንደገና የተፈቀደው በ1951 ነው።

ዛሬ የክለቦች ጥረት በአብዛኛው በመግቢያው በር ላይ ያተኩራል፤ የሙከራ በረራ፣ የትምህርት ቤት ጉብኝት፣ የወጣት ቅናሽ። ይህ ሁሉ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደመሙላት ነው። ብርቱው ፈተና የሚመጣው ብቻውን ከበረረ በኋላ ግቡን እንዳገኘ የሚሰማው ታዳጊ «ቀጥሎስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ደግሞም ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ክለቦች ተስማምተው የአንዱን አባል ሌላው ያለ አዲስ መግቢያ ክፍያ ቢቀበለው ይበቃል። ለመጀመሪያው ግን ተመራማሪ ያስፈልጋል። መረጃው በየክለቡ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የበረራ መዝገቡ የእያንዳንዱን በረራ ቀንና የአብራሪውን ስም ይዟል። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን መዝገብ ከኃላፊነት ድልድሉ ጋር ቢያስተያይ፣ ብቻቸውን ከበረሩት መካከል በሦስተኛው ዓመት እነማን በሜዳው እንዳሉና ከመቅረታቸው በፊት ምን ሥራ በእጃቸው እንደነበረ መቁጠር ይችላል።